ከጣውላዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተኛኸው

ገመቹ ሆይ፤

"ሰውዬው እዚያ ገጠር ውስጥ ምን ሊሠራ ሄደ?" አለች አንዲት ሴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የሐበሻ መደብር ውስጥ፣ ከበርበሬው መደርደሪያ ወዲያ ማዶ ሆና። የምታወራው ስላንተ ነው። ጓደኛዋ "ተቀብሮ ነዋ!" ብላ አልመለሰችላትም። "እኔ እንጃ፣ ጴንጤዎች እኮ ነገራቸው አይታወቅም" ነው ያለቻት። እኔ ሽሮዬን እንዳቀፍኩ ቆሜ ጥያቄውን በቁሙ ወስጄ አሰብኩበት። የምትሠራው አላጣህም። አሸንዳው በየመከሩ ቅጠል ይሞላል፤ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ቀለሙ ይላጣል፤ የደወሉ ገመድ እርጥበት ሲነካው ይከብዳል። ዞሬ ልነግራት ስል ሒሳቧን ከፍላ ወጥታለች።

ከተለያየን ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አዲስ ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ቤተ ክርስቲያንህ ተዘጋች።

እቤት ግን ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ማሞቂያው አሁንም ሲነሳ አንድ ሰው ከግድግዳው ውስጥ የሚያንኳኳ ይመስላል። ወንበርህ ላይ ያልታጠፈ ልብስ እከምርበታለሁ፤ ባዶነቱን ማየት አቅቶኝ አይደለም፣ ቦታ ስለሆነ ነው። ሥራዬም ያው ነው፤ አፓርታማው ፍሮንት ዴስክ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገባ ቀና እላለሁ፣ ሲያልፍ ወደ መጽሐፌ እመለሳለሁ። ሰዎች "እንዴት ነሽ?" ሲሉኝ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ እውነቴንም ነው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌው ከተወጋ በኋላ ያለችውን ሰዓት ታውቃታለህ? መነካትህ ይታወቅሃል፤ ሕመሙ ግን የሌላ ሰው ነው። እዚያች ሰዓት ላይ ነኝ። ሐኪሙ ወጥቶ የቀረ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው በታክሲህ ነው። አንድ የካቲት፣ በረዶው መንገድ ዳር እንደ ቆሻሻ ጥጥ ተከምሮ ሳለ፣ ዋሽንግተን ከአንድ ሆስፒታል በር ላይ ጉልበቷን የሚያማትን ነጭ አሮጊት፣ ሚስ ዶሮቲን ጫንክ። ከከተማው በስተሰሜን፣ የበቆሎ ማሳውንና የላም በረቱን ሁሉ አልፈህ እቤቷ አደረስካት። ስትመለስ ነው ያየሃት፤ ኮረብታ ላይ፣ ነጭ፣ ከላይ እስከ ታች ጣውላ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ የደወል ቤቷ ከዶሮ ቆጥ ብዙም የማይበልጥ። የዚያን ዕለት ቤት ገብተህ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ "የአባቴን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት" አልከኝ። የአባትህ ቤተ ክርስቲያን ወለጋ ናት፤ ይህቺ ሜሪላንድ ናት። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ልዩነቱን ላስረዳህ ሞከርኩ። "እሺ የኔታ" አልከኝ። ያኔ የጀመርካት የኔታ እስከ መጨረሻው ስሜ ሆና ቀረች።

የአባትህን ነገር እኔ የማውቀው በአንተ አፍ ነው። ወንጌላዊ ነበሩ። ሚሲዮናዊው ልኩን ሰጥቷቸው፣ ዋንዛውን በእጃቸው ሰንጥቀው፣ ጣውላውን እሳቸው ናቸው ያቆሙት። ደርግ መጣ፤ በሩ ላይ ሳንቃ ተቸነከረበት፤ ቆየት ብሎ የገበሬ ማኅበሩ እህል አስቀመጠባት። አንተ ልጅ ሆነህ በስንጥቁ አጮልቀህ በቆሎው እስከ መሠዊያው ተከምሮ እንዳየህ ነግረኸኛል። "ሳይጠመቅ የገባ በቆሎ" እያልክ ትስቅ ነበር። ያችን ሳቅህን ወድጃት አላውቅም፤ በአፍንጫህ ነበር የምትስቃት።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ኮረብታዋ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ፤ አርፍደህም ደረስክ። እዚህ ላይ የሆነውን ለአሜሪካኖች ስናገር አይገባቸውም፣ ለእኛ ሰው ስናገር ደግሞ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባውም። አንተ የጨዋ ልጅ ነህ። እንግዳ ቤት ስትገባ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለህ፤ "ኧረ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! ምነው እዚያ?" ተብለህ፣ እንቢ ብለህ፣ ተጎትተህ ነው ከፍ የምትለው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ እንደ አባትህ ሉተራኖች፣ ደግሞ እኔ እንደታዘብኳቸው ሁሉም ኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ኋላው ጢም ብሏል፤ ፊቱ ባዶ ነው። ሳይጠሩህ ከሰው ፊት ማለፍ ነውር ነው። የሚጠራህም የለም፤ እነሱ አገር ሰው ደስ ያለው ቦታ ይቀመጣል። ቆመህ ስትቸገር በግራ በኩል ጠባብ ደረጃ አየህና ወደ ሰገነቱ ወጣህ።

እዚያ ላይ ማንም አልነበረም። አንተ ግን ደስ አለህ። ወጋግራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንጨት በእንጨት የተያያዘ፣ ብረት ያልነካው። ማታ መጥተህ ስለ ስብከቱ አንድ ቃል አልተነፈስክም፤ ስለ ማያያዣው ግን እራት እስኪቀርብ አወራህ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እዚያው። ታች ያሉት ቀና እያሉ ያዩህ ነበር፤ አንተ ሰላምታ መስሎህ እጅህን ታነሳላቸው ነበር።

መጸው ሲገባ ሚስ ዶሮቲ ደጃፍ ላይ አስቆመችህ። ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ እባክህ ታች ከእኛ ጋር ተቀመጥ አለችህ። "እዚያ ይመቸኛል" አልካት። "አልገባህም" አለችህ። "ይህችን ቤት የሠሩት የእናቴ ወገኖች ናቸው፣ ከጀርመን የመጡ ገበሬዎች፤ ያንን ሰገነት የሠሩት ለባሮቻቸው ነው። ነጮቹ ታች፣ እነሱ ላይ። በሩም ለብቻ ነበራቸው፣ ደረጃውም።" አንተ ወደ ጣሪያው ቀና አልክና "ሥራው ጥሩ ነው። ግን ጣሪያው ያፈሳል፤ ከታች አይታይም" አልካት። በሳምንቱ መሰላል ታክሲው ላይ አስረህ ሄድክ። ይህን ሁሉ እየሳቅክ ነው የነገርከኝ። የዚያን ዕለት ግን እራትህን አልበላህም።

ሚስ ዶሮቲ ብልህ ናት። አልወርድም ስትላት እሷ ወጣች። ያንን የማይረባ ጉልበቷን እየጎተተች፣ በየደረጃው እየቆመች፣ በየእሑዱ መጥታ ከጎንህ ቁጭ። ስንት ሳምንት ቻልክ? ሴትዮዋ ወጥታ እስክትወርድ አንተ በይሉኝታ ታልቃለህ። ለጉልበቷ ስትል ወረድክ። ወርደህም የተቀመጥከው ከበሩ አጠገብ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ፊት የተቀመጥክበትን ቀን አላውቅም።

የቀረውን ታሪኳን ቀስ በቀስ እቤት አመጣህልኝ። መጀመሪያ ስብከቱ በጀርመንኛ ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፣ ከሽማግሌዎቹም አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ምንም ሳይገባቸው ተቀምጠው ሞቱ። ድሮ ወንድና ሴት ለየብቻ ነበር የሚቀመጡት። ይህን ስሰማ "ታዲያ እኛና እናንተ በምን ተለያየን?" አልኩህ። በጾሙ፣ በቅዳሴው፣ በማርያም፣ በታቦቱ እያልክ ስትቆጥር ጣትህ አለቀ። "ሌላስ?" አልኩህ። "ሌላው ያው ነው" አልከኝ።

እኔ አልፎ አልፎ አብሬህ እመጣ ነበር፣ የራሴን ቅዳሴ ሳላስታጉል። የእነሱ ፋሲካ ቀድሞ የዋለበትን ዓመት ታስታውሳለህ? እኔ ገና ጾም ላይ ነኝ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን አጣፍቼ የበሩን መቃን ተሳለምኩ። ለካ አንተ ማታውን ቀለም ቀብተኸዋል። ከንፈሬ ነጭ ሆኖ ሥርዓቱን ሁሉ በጸጥታ ተከታተልኩ፤ አጠገቤ ያሉት በሽታ መስሏቸው ፈቀቅ አሉ። ፓስተሩ ልጃችንን ሲፈንን ለብቻዋ ጠርቶ "እናትሽ ደህና ናት?" አላት። "ሺ ኪስድ ዘ ዶር"፣ በሩን ሳመችው፣ አለችው እንደ ምንም ነገር። አንተ ደግሞ መቃኑን አይተህ "ማርያምን፣ ሴትዮ፣ የፊት ለፊቱን አበላሸሽው!" ብለህ ብሩሽ ልታመጣ ሄድክ። የማርያምን ስም የምትጠራው እኔን ለመተረብ ሲሆን ብቻ ነበር። ከንፈሬ ያረፈበት ቦታ በሁለተኛው ቅብ ጠፋ።

የሞትከው ግን እዚያ አይደለም። ከመሰላሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰው ይገባው ነበር። የሞትከው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከፍ ብሎ ካለው ኤርፖርት፣ ታክሲ ተራ ላይ ነው። ተራህ ደርሶ መኪናህ ሳትንቀሳቀስ ስትቀር ከኋላህ ያሉት መጀመሪያ ክላክስ ነፉብህ። ቀጥሎ ሰደቡህ። ከዚያ መጥተው በመስኮት አዩህ። የሰደቡህ ልጆች ናቸው ሬሳህን የተሸከሙት፤ አንደኛው እስካሁን ስልክ እየደወለ ይቅርታ ይጠይቀኛል። "ምን ብለህ ነበር የሰደብከው?" አልኩት አንድ ቀን። "'አንተ ሽማግሌ፣ እንቅልፍህን እቤትህ አትተኛም!' ነው ያልኩት" አለኝ። ከዚህ የከፋ ስለ አንተ ሲባል ሰምቻለሁ ብዬ አጽናናሁት።

ሚስ ዶሮቲ ለቤተሰቧ ከተያዘው ቦታ ላይ ቆርሳ ሰጠችህ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከነዚያ ከጀርመኖቹ ጎን። ማንም አልለመናት። ቀብርህ ላይ የእኛ ሰዎች ከዊተኑም ከአሌክሳንድሪያውም ቤተ ክርስቲያን መጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። ሉተራኖቹ የጫማውን ክምር አይተው እርስ በርስ ተያዩና እነሱም አወለቁ። ሽማግሌዎቹ በቀዳዳ ካልሲ "ታላቅ ነህ" የሚል መዝሙር ሲዘምሩ፣ ከኋላ የእኛዎቹ ደረት ሲመቱ፣ ፓስተሩ የትኛውን እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ግራ ገባው።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። የሰበካው ሴቶች ሌሊቱን ሲዘጋጁ አድረው የካም ሳንድዊች ሠርተዋል። ሁዳዴ ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ እንደምታውቀው የተዘረጋለትን አይመልስም። ሁሉም "ቴንኪው፣ ቴንኪው" እያለ ተቀበለና በሶፍት ጠቅልሎ ያዘው። አዳራሹ ሙሉ ሰው የአሳማ ሥጋ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ የሚያኝክ የለም። ሚስ ዶሮቲ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆና ታየናለች፤ ዳቦው ደርቆ መስሏት አገጯ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰው መብላት ነበረበት። በላሁት። ጨው በዝቶበታል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና "ለሟች ብለሽ ነው?" አሉኝ። "ለዳቦው ነው አባ" አልኳቸው።

እና ዘንድሮ ተዘጋች። የቀሩት በአንድ ቫን የሚሞሉ ናቸው፤ ፓስተሩም ሌሎች አጥቢያዎች እየዞረ ስለሚያገለግል ተራው ሲደርሳቸው ብቻ ነበር የሚመጣው። እነሱም ሲኖዶስ አላቸው። ይህን ባወቅኩ ጊዜ መጀመሪያ የእኛ ብቻ መስሎኝ ቀናሁባቸው፤ በኋላ ሥራውን ሳይ አዘንኩላቸው። ሲኖዶሱ ቤቲቱን ለሠርግ አዳራሽ ለሚያደርጉ ባልና ሚስት ሊሸጥ ተስማማ። ሙሽሮች የጣውላ ግድግዳ ፊት ፎቶ መነሳት ይወዳሉ አሉ። ከአባትህ በቆሎ ሠርግ ሳይሻል አይቀርም። ነገር ግን በደጃፉ ያሉት መቃብሮች ነገር መወሰን ነበረበት፤ እዚያ ሰው ያለው ቤተሰብ ወይ "ይቆይ" ይበል፣ ወይ ወደ ሌላ መካነ መቃብር አጽሙን ያዛውር። ከተሸጠ በኋላ ማንንም ማንሳት አይቻልም።

ሲፈን ይዛኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትለምነኝ ነበር። ዊተን አጠገብ ያለው መካነ መቃብር ጥሩ ነው፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ለእኛ ቅርብ ነው፣ ስትፈልጊ ሄደሽ ታይዋለሽ። "ማም፣ ሂ ኒድስ ቱ ቢ ኒር ዩ" አለችኝ፣ አንቺ አጠገብ መሆን አለበት ማለቷ ነው፤ መሪውን እንደያዘች እያለቀሰች። እሷ ማልቀስ ትችላለች፤ ደስ ይለኛል፣ ከቤታችን አንድ ሰው ሥራውን መሥራት አለበት። እውነቷን ነበር። የዊተኑን ቦታ ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። የቀረው ቦታ ከመጨረሻው ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሣር ማጨጃው ከሚቆምበት ቆርቆሮ ቤት ኋላ ነው።

ስብሰባው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሁሉም እንደተለመደው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከሲኖዶሱ የመጣው ሰው ከፊት ሆኖ በባዶ አግዳሚ ላይ ይጮኻል። በተራ ጠየቀ። ካርል የሚባለው፣ የወተት ላሞቹን የሸጠው ሽማግሌ፣ "የእኔዎቹ ከጀርመን ወዲህ መንገድ አይወዱም። ተዋቸው" አለ። ሚስ ዶሮቲ ልጇ ወዳለበት ወደ ኦሃዮ ልትሄድ ዕቃዋን ሸክፋለች፤ ቢሆንም ድንጋይዋ ከአንተ ቀጥሎ ቆሟል፣ ስሟ ተቀርጾ፣ የሞተችበት ቀን ብቻ ባዶውን ቀርቶ። "ስሞት እመጣለሁ" አለች፣ የሐኪም አፖይንትመንት እንዳላት ሰው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሲፈን እጄን ያዘች።

ገመቹ፣ ያሰብኩትን ልንገርህ። ስለ ትንሣኤ አላሰብኩም፣ ስለ ሃይማኖትም። ያሰብኩት አቀማመጥህን ነው። አንተን እዚህ አገር ከመጣህ ወዲህ ወደ ላይ ና ያለህ ሰው ጠፍቶ በየቤቱ በር አጠገብ ተቀመጥክ። እንደ ሞትክ እነዚህ ሰዎች ጠሩህ፤ ያውም ያንን ሰገነት ከሠሩት ጎን፣ ከፊት ረድፍ። እኔ አሁን አንስቼ ከአጥር ሥር ላስቀምጥህ? የእንግዳ ደንብ አውቃለሁ። አንዴ ከፍ ያለ ሰው ዝቅ በል አይባልም።

"እዚሁ ይቆይ" አልኩ።

ሲፈን እጄን ለቀቀችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት ፈልጋ ነው። ሚስ ዶሮቲ የካቦርቴን ቁልፍ ስታይ ቆይታ የተፈታውን ቆለፈችልኝ። ሰውዬው "የሚቀጥለው" አለ።

አሁን ቤቲቱ የሠርግ ሰዎቹ ናት። አግዳሚዎቹ ወጥተዋል። ሰገነቱ ላይ ዲጄ ይቀመጣል ብለው ነገሩኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅ ከሰማህ እሱ ነውና ታገሥ። ጣሪያው እንደማያፈስ ግን ገዥዎቹም መስክረዋል። ሲፈን ሚኔሶታ ሥራ አግኝታ ታክሲ የነበረችውን መኪናህን ይዛ ሄዳለች፤ አገሩ ሉተራን የሞላበት ነው አሉ፣ ደስ ይልህ ነበር። በየእሑዱ ትደውልልኛለች።

ተዝካር አላወጣሁልህም፤ አትወድም ብዬ ነው። እሱ ቢቀር አንተን ማስታወሴ አይቀርም። በሁዳዴ፣ በሞትክበት ሰሞን፣ ሠርግ በሌለበት ቀን እየመጣሁ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ወሬውን ሁሉ እነግርሃለሁ። ድንጋይህ ላይ የወደቀውን ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ስምህን በጣቴ እከተላለሁ፣ እንዳልረሳህ አንተም እንዳትረሳ። ይህን ቃል የገባሁልህ ከመቃብርህ ፊት ነው፤ እደግመዋለሁ፤ በየዓመቱ እመጣለሁ።

ወደ አንተ የሚያቀርበኝ ቀዩ የከተማ ባቡር የሚያበቃው ሼዲ ግሮቭ ላይ ነው። ከዚያ ወደ አንተ የሚሄድ አውቶቡስ የለም፤ እኔም መኪና መንዳት አልችልም።